አምስት ፊደላት ሕዋስን ሲያዝዙ፦ ቅርጽ አልባ የፕሮቲን ክፍሎች በቫይረስ ሕመምና በካንሰር

የማኅፀን በር ካንሰርን ከሚያስከትሉት የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ ዓይነቶች መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው 16ኛው ዓይነት ነው። ይህ ቫይረስ ከሚሠራቸው ጥቂት ፕሮቲኖች አንዱ ኢ-7 ይባላል፤ ከ98 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን እንደ ፊደል ከሚጻፍባቸው ጥቃቅን አካላት፣ የተቀጣጠለ አጭር ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ላይ ከ22ኛው እስከ 26ኛው ያሉትን አምስት ቦታዎች ብቻ ብናነብ ሉሲን፣ ታይሮሲን፣ ሲስቴይን፣ ታይሮሲን፣ ግሉታሚክ አሲድ የሚል ቅደም ተከተል እናገኛለን። ከአምስቱ ወሳኞቹ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ናቸው፤ በመካከላቸው ያሉት ሁለቱ በሌላ ቢተኩ መያዣው አይፈርስም። የሰው ሕዋስ መቼ እንደሚከፋፈልና መቼ ከመከፋፈል እንደሚታቀብ የሚቆጣጠረውን ትልቅ ፕሮቲን ይዞ ከሥራው የሚያስወጣው መጨበጫ እንግዲህ በእነዚህ ሦስት አሚኖ አሲዶች ላይ የቆመ ነው።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው እነዚህ አምስት ቦታዎች የሚገኙበት የኢ-7 ክፍል የራሱ ቋሚ ቅርጽ የሌለው መሆኑ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት እንደምናየው የተጠቀለለና የተዋቀረ አካል የለውም፤ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክር ነው። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ሥራ የሌላቸው ትርፍ ጫፎች ተደርገው ይታዩ ነበር። ዛሬ ግን የሕዋስ ፕሮቲኖች እርስ በርሳቸው ከሚነጋገሩባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ እነዚህ ክሮች መሆናቸው ታውቋል፤ ቫይረሶች ይህን ንግግር በቀላሉ አስመስለው ይጽፉታል፣ ካንሰር ደግሞ አንዳንዴ በዚያው ንግግር ውስጥ ከምትጠፋ አንዲት ፊደል ይነሣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታጥፎ የሚሠራና ሳይታጠፍ የሚሠራ

ፕሮቲን ማለት ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር ላይ ተደርድረው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። አብዛኛው ሰንሰለት እንደተሠራ ይታጠፋል፦ ውሃን የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች፣ ዘይት በወጥ ላይ ተለይቶ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ውሃን የሚወዱት ደግሞ ውጭውን ይይዛሉ፤ በዚህም ሰንሰለቱ ጠንከር ያለ፣ ጉድጓድና ጉብታ ያለው ቅርጽ ያገኛል። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤሚል ፊሸር በ1894 አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከሚሠራበት ነገር ጋር የሚገጥመው ቁልፍ ከጓጉንቸር ጋር እንደሚገጥመው ነው ያለው ምሳሌ ከመቶ ዓመት በላይ የፕሮቲን ሳይንስን መርቷል። ቅርጽ ከሌለ ሥራ የለም የሚለው እምነት የመጣው ከዚያ ነው።

ሆኖም ውሃን የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች ጥቂት የሆኑባቸው፣ በአንጻሩ ፕሮሊንና የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው አሚኖ አሲዶች የበዙባቸው ሰንሰለቶች አሉ። እነዚህ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ የሚያጥፋቸው ነገር ስለሌላቸው እንደተዘረጉ ይኖራሉ። ጋቢን እናስብ፤ የተሸመነው ክፍል መልኩን ይዞ ይዘረጋል፤ ከጫፉ የሚንጠለጠለው ያልተሸመነ ፈትል ግን እንደ ነፋሱ ይወዛወዛል። ብዙ የሰው ፕሮቲኖች እንዲሁ የተሸመነ አካልና ያልተሸመነ ፈትል አንድ ላይ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ከዳር እስከ ዳር ፈትል ናቸው። ተመራማሪዎቹ ፒተር ራይትና ጄን ዳይሰን በ1999 ባወጡት ጽሑፍ ቅርጽን ከሥራ ጋር ብቻ ያቆራኘው የቀድሞ አስተሳሰብ እንደገና መመርመር እንዳለበት በግልጽ ተከራከሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያልታጠፉ ክፍሎች ጥናት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በ2021 የሰው ፕሮቲኖችን የተተነበየ ቅርጽ ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ፣ ፕሮግራሙ እርግጠኛ ያልሆነባቸው ክፍሎች በሥዕሉ ላይ እንደ ብርቱካናማ ክር ተዘርግተው ታዩ። አብዛኞቹ የፕሮግራሙ ስሕተት አልነበሩም፤ በእውነትም ቋሚ ቅርጽ የሌላቸው ናቸው። በሰው ፕሮቲኖች ሁሉ ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ሲሶ ያህሉ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ።

በፈትሉ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ አጫጭር ትርጉም ያላቸው ቅደም ተከተሎች ተጽፈዋል። ሳይንቲስቶች ሞቲፍ ይሏቸዋል። አንድ ሞቲፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አሥር አሚኖ አሲዶች ይረዝማል፤ ከእነዚህም ውስጥ ወሳኞቹ ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። ሌላ የታጠፈ ፕሮቲን በገጹ ላይ ባለ ትንሽ ቦይ ይህን ሞቲፍ ይቀበላል፤ ክሩም በቦዩ ላይ ሲጋደም ለዚያች ጊዜ ቅርጽ ይይዛል። አንዱ እንደተዘረጋ ይተኛል፣ ሌላው እንደ ጥምዝ ይጠቀለላል፤ ሲለቅ ደግሞ ወደ ቀድሞው ልቅነቱ ይመለሳል። በሰው ፕሮቲኖች ውስጥ ያሉት ሞቲፎች ከመቶ ሺህ በላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይገመታል።

ይህ አያያዝ ደካማ ነው፤ ድካሙ ግን ጉድለት አይደለም። ሕዋስ የሚሰማው መልእክት ሁሉ መጀመር ብቻ ሳይሆን ማብቃትም አለበት፤ አንድ ምልክት ሰጪ ፕሮቲን ተቀባዩን ይዞ ላይለቅ ቢጣበቅ መልእክቱ አያልቅም፣ ሕዋሱም ለሚቀጥለው ነገር መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ተፈጥሮ ለንግግር የመረጠችው እንደ እጅ መጨባበጥ ያለ፣ ቶሎ የሚይዝና ቶሎ የሚለቅ ግንኙነት ነው። ጥንካሬ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁለትና ሦስት ሞቲፎች በአንድ ፈትል ላይ ይደረደራሉ፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይዞ ስለሚቆይ ደካሞቹ ተደምረው ጽኑ ይሆናሉ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኢ-7 አርቢን ሲይዝ

ወደ ኤችፒቪ እንመለስ። ኢ-7 የሚይዘው የሰው ፕሮቲን አርቢ ይባላል። ስሙን ያገኘው ሬቲኖብላስቶማ ከሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነው፤ በዚያ ሕመም የሚጠፋው ጂን በ1986 ተነጥሎ ሲታወቅ፣ ጉድለቱ ካንሰር የሚያመጣ ጂን በእጅ ሲያዝ ያ የመጀመሪያው ነበር። አርቢ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሕዋስ ከመከፋፈሉ በፊት ዲኤንኤውን መገልበጥ አለበት፤ ለግልበጣው የሚያስፈልጉትን ጂኖች የሚያስነሡት ኢ-2-ኤፍ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ አርቢ እነዚህን ይዞ ጸጥ ያሰኛቸዋል። ሕዋሱ ለመከፋፈል ሲፈቀድለት ሳይክሊን ዲ የሚባል ፕሮቲን ከአጋር ኢንዛይሙ ጋር ሆኖ አርቢ ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል፤ ያኔ አርቢ ኢ-2-ኤፍን ይለቃል፣ ግልበጣውም ይጀምራል። ሳይክሊን ዲ በጫፉ ላይ የያዘው ቅደም ተከተል ደግሞ ያው ነው፦ ሉሲን፣ ማንኛውም፣ ሲስቴይን፣ ማንኛውም፣ ግሉታሚክ አሲድ። ቫይረሱ እንግዲህ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የሕዋሱን የራሱን ማኅተም አስመስሎ ቀረጸ።

ቫይረሱ ይህን የሚያደርግበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኤችፒቪ ዲኤንኤ ርዝመት 8000 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ፊደል ጥንድ) ያህል ብቻ ነው፤ በውስጡ ዲኤንኤን የሚገለብጠውን ዋና ኢንዛይም የሚሠራ ጂን የለም። ቫይረሱ በትንሽ ጭረት ገብቶ የሚቀመጠው በልስልስ ቆዳው የታችኛው ድርድር ሕዋሶች ውስጥ ነው። እነዚያ ሕዋሶች ወደ ላይ እየወጡ ሲበስሉ መከፋፈላቸውን ያቆማሉ፣ የግልበጣ መሣሪያቸውንም ያጠፋሉ። ቫይረሱ ሊባዛ የሚፈልገው ግን በትክክል እዚያ ላይኛው ድርድር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ያቆመውን ቤት እንደገና ማስነሣት አለበት። ኢ-7 በአምስቱ ፊደላት አርቢን ይይዛል፤ ከዚያም የታጠፈው ሌላው ክፍሉ ኢ-2-ኤፍን ከአርቢ እንዲለይ ያደርጋል፣ አርቢን ራሱንም ሕዋሱ ያረጁ ፕሮቲኖችን ወደሚሰባብርበት ማሽን ይገፋዋል። እንግዲህ ፈትሉ ይይዛል፣ የተሸመነው አካል ሥራውን ይጨርሳል።

ኒኮላ ፓቭሌቲችና ባልደረቦቹ በ1998 የአርቢን ቅርጽ ከኢ-7 በተቆረጠ ባለ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ቁራጭ ተይዞ ሳለ በኤክስሬይ አንሥተው አሳዩ። ቁራጩ በአርቢ ገጽ ላይ ባለ ጥልቀት የሌለው ቦይ ውስጥ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ሉሲኑ፣ ሲስቴይኑና ግሉታሚክ አሲዱ ወደ ቦዩ ውስጥ ያመለክታሉ፣ መካከለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ወደ ውጭ ዞረዋል። ለምን ሦስቱ ወሳኝ፣ ሁለቱ ደግሞ እንደፈለጉ ተለዋዋጭ እንደሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ቦዩ ኢ-2-ኤፍ ከሚቀመጥበት ስፍራ የተለየ መሆኑም በሌሎች ጥናቶች ታይቷል፤ ኢ-7 ሞቲፉን ተጠቅሞ በሌላ በር ይገባል ማለት ነው።

ከሞቲፉ አጠገብ ያለች አንዲት ፊደል ደግሞ የዓይነቶቹን አደገኛነት ለመለየት ድርሻ አላት። የብልት ኪንታሮት የሚያመጡት 6ኛውና 11ኛው የኤችፒቪ ዓይነቶች ይህንኑ ሞቲፍ ይዘዋል፤ ካንሰር ግን እምብዛም አያመጡም። በ16ኛው ዓይነት ኢ-7 ላይ ከሞቲፉ ቀድሞ 21ኛው ቦታ ላይ ያለው አስፓርቲክ አሲድ ነው፤ በ6ኛው ዓይነት ከሞቲፉ ቀድሞ ባለው ተዛማጅ ቦታ የተቀመጠው ግላይሲን ነው። የ6ኛው ዓይነት ኢ-7 አርቢን የሚይዝበት ኃይል አሥር እጥፍ ያህል ያንሳል። በ1992 ተመራማሪዎች ሁለቱን አሚኖ አሲዶች ሲያለዋውጡ የመያዝ ኃይሉ ተለዋወጠ፤ ሕዋስን ወደ ካንሰር መሰል አካሄድ የመለወጥ ችሎታውም አብሮት ተለዋወጠ። ሌሎች ልዩነቶችም መኖራቸውን መርሳት አይገባም፤ ይሁን እንጂ ከመላው ፕሮቲን አንዲት ፊደል ይህን ያህል መዘዝ መሸከሟ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኢ-7 ብቻውን ቢሆን ግን ቫይረሱ አይሳካለትም ነበር። ሕዋስ ያለፈቃድ ለመከፋፈል ሲነሣ ፒ-53 የሚባለው ፕሮቲን ይነቃና ሕዋሱን ያስቆመዋል ወይም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ስለዚህ ቫይረሱ ኢ-6 የሚባል ሁለተኛ ፕሮቲን አብሮ ይልካል። እዚህ ላይ ሚናው ተገልብጦ እናገኘዋለን፦ ኢ-6 ራሱ የታጠፈ ነው፣ ሞቲፉ ያለው በሰው ፕሮቲን ላይ ነው። ኢ-6 ኤፒ የተባለው የሰው ኢንዛይም በልቅ ክፍሉ ላይ ሉሲን የበዛበት አጭር ሞቲፍ አለው፤ ኢ-6 ይህን በጉድጓዱ ይይዝና ከኢንዛይሙ ጋር ሆኖ ፒ-53ን ያጠምዳል፤ ኢንዛይሙም በፒ-53 ላይ የመወገድ ምልክት ይለጥፍበታል። አደገኛ የሚባሉት የኤችፒቪ ዓይነቶች ኢ-6 በመጨረሻ ጫፉ ላይ ደግሞ ሌላ ባለ አራት ፊደል ሞቲፍ አለው፤ በዚህ ሕዋሶች እርስ በርስ የተያያዙበትን ሥርዓት የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን ይይዛል። አደገኛ ያልሆኑት ዓይነቶች ይህ ጫፍ የላቸውም።

የእነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች ኃይል ከሁሉ ይበልጥ የታየው በሄላ ሕዋሶች ነው። በ1951 በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማኅፀን በር ካንሰር ትታከም ከነበረችው ከሄንሪየታ ላክስ አካል፣ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ፣ የተወሰዱት ሕዋሶች ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች ውስጥ ይባዛሉ። ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቹ በ1983 እና በ1984 16ኛውንና 18ኛውን ዓይነት ከማኅፀን በር ካንሰር ነጥለው ሲያወጡ፣ በሄላ ሕዋሶች ውስጥም የ18ኛው ዓይነት ዲኤንኤ እንዳለ ታወቀ፤ ዙር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች በሄላ ሕዋሶች ውስጥ ኢ-6 እና ኢ-7 እንዳይሠሩ ሲያደርጉ፣ ለአሥርተ ዓመታት ሳያቋርጡ የተባዙት ሕዋሶች መከፋፈላቸውን አቆሙ። አርቢና ፒ-53 በውስጣቸው ሳይበላሹ ኖረው፣ ዝም የተሰኙት በቫይረሱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ካንሰሩ ለቫይረሱም ጥቅም የለውም። አብዛኞቹ የኤችፒቪ ልክፍቶች በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በሰውነት መከላከያ ይጠፋሉ። በጥቂቶቹ ግን የቫይረሱ ዲኤንኤ ተሰብሮ ከሰው ክሮሞዞም ጋር ይቀላቀላል፤ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ኢ-6 እና ኢ-7ን የሚገታው ጂን ነው፤ ሁለቱም ያለ ልክ መሠራት ይጀምራሉ። እንዲህ ያለው ሕዋስ አዲስ ቫይረስ አያመርትም፤ የራሱን ሥርዓት ያጣ የሰው ሕዋስ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ጽሑፍ በብዙ እጅ

ሉሲን፣ ሲስቴይንና ግሉታሚክ አሲድ ያለውን ሞቲፍ የያዘው ኤችፒቪ ብቻ አይደለም። በ1988 አዴኖቫይረስ ከሚባለው፣ ጉንፋን መሰል ሕመም ከሚያመጣው ቫይረስ የሆነ ኢ-1-ኤ የሚባል ፕሮቲን አርቢን እንደሚይዝ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኤስቪ-40 ከሚባለው የዝንጀሮ ቫይረስ የሆነ ፕሮቲንም ያንኑ ሲያደርግ ተገኘ፤ ኢ-7 በ1989 ተከተለ። ሦስቱም በሞቲፉ ይይዛሉ። ቫይረሶቹ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው፤ ሞቲፉንም ከአንድ አባት ወርሰውታል ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ደርሶበታል ማለት ይቀላል።

እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ ለሚጠይቅ ቀላል ስሌት አለ። አሚኖ አሲዶቹ ሃያ ዓይነት ናቸውና፣ ሦስቱ ወሳኝ ቦታዎች በአጋጣሚ ትክክለኛውን ፊደል የማግኘታቸው ዕድል ከሃያ አንድ፣ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ከ8000 አንድ ነው። ስሌቱ ሁሉም አሚኖ አሲዶች እኩል ይዘወተራሉ ብሎ ስለሚነሣ ግምት ነው፤ መልእክቱ ግን ይጸናል። በየቀኑ በብዙ ሚሊዮን እየተባዛ ስሕተት ለሚሠራ ቫይረስ ይህ ዕድል ትንሽ አይደለም፤ ሁለቱ ፊደላት ቀድሞ ካሉትማ አንድ ለውጥ ብቻ ይበቃዋል። ባለ መቶ አሚኖ አሲድ የታጠፈ አካልን በአጋጣሚ መሥራት ግን ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም። በተጨማሪም ፈትሉ የሚጠብቀው ቅርጽ ስለሌለው ፊደሉ ቢለወጥ የሚፈርስ ነገር የለም፤ ቫይረሱ ሳይጎዳ ይሞክራል። ጥቂት ጂን ብቻ ይዞ የሚኖር ፍጡር አንድን ፕሮቲን ለብዙ ሥራ እንዲያውል የሚያስችለውም ይኸው ነው።

ሞቲፎቹን የሚያገናኘው ክር ራሱ ዋጋ እንዳለው የአዴኖቫይረሱ ኢ-1-ኤ ያሳያል። ይህ ፕሮቲን አርቢን በሁለት ሞቲፎች ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ልቅ ክር አለ። በ2022 የወጣ ጥናት የተለያዩ አዴኖቫይረሶችን ሲያነጻጽር፣ የክሩ ፊደላት እጅግ እንደተለያዩ፣ ክሩ ሁለቱን ሞቲፎች የሚያራርቅበት ልክ ግን ተጠብቆ እንደቆየ አሳየ። ቀደም ብዬ ስለ ደካሞች መደመር ያልኩት እዚህ ላይ ይታያል፦ ልኩ ትክክል የሆነ ክር ሁለቱን አያያዞች አስተባብሮ አንድ ጽኑ አያያዝ ያደርጋቸዋል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው እርሱ ነው። የኤድስ ቫይረስ የሆነው ኤችአይቪ ቪፒዩ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይሠራል። በልቅ ክፍሉ ላይ አስፓርቲክ አሲድ፣ ሴሪንና ግላይሲን፣ ከሁለት ፊደል በኋላም ሌላ ሴሪን አለ። ሁለቱ ሴሪኖች ፎስፌት ሲለጠፍባቸው ቤታ-ቲአርሲፒ የሚባለው የሰው ፕሮቲን ይይዛቸዋል። ይህ ፕሮቲን የሚወገዱ ፕሮቲኖችን ለይቶ ወደ መሰባበሪያው ማሽን የሚያቀርብ ነው። ቪፒዩ በአንድ ወገን ቤታ-ቲአርሲፒን፣ በሌላው ደግሞ ሲዲ-4 የሚባለውን የነጭ የደም ሕዋስ ተቀባይ ይዞ ያገናኛቸዋል፤ ሲዲ-4ም ይጠፋል። ይህ የታወቀው በ1998 ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ያው ቤታ-ቲአርሲፒ ሁለት የሰው ፕሮቲኖችን በዚያው ጽሑፍ እንደሚያውቅ ተገለጠ። አንደኛው ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዘው አይ-ካፓ-ቢ ነው። ሁለተኛው የሕዋስን እድገት የሚያነሣሣው ቤታ-ካቴኒን ነው። ሰዎች የራሳቸውን ሕዋስ አሠራር የተማሩት፣ በአንድ ገዳይ ቫይረስ የተቀዳውን ግልባጭ በማንበብ ጭምር ነው።

ቫይረስ በሌለበት ካንሰር

ቤታ-ካቴኒን ወደ ካንሰር በቀጥታ ይወስደናል። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ይህ ፕሮቲን እንደተሠራ በሴሪኖቹ ላይ ፎስፌት ይለጠፍበታል፣ ቤታ-ቲአርሲፒ ያነበዋል፣ ይወገዳል። በአንዳንድ የአንጀትና የጉበት ካንሰሮች ላይ የሚገኘው የጂን ለውጥ በትክክል እነዚህን ሴሪኖች ወይም በአጠገባቸው ያሉትን ቦታዎች የሚመታ ነው። ፕሮቲኑ ራሱ ደኅና ነው፤ ሥራውንም ይሠራል፤ የጠፋው "አስወግደኝ" የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። አንባቢው ጽሑፉን ስለማያገኝ ቤታ-ካቴኒን ይከማቻል፣ ሕዋሱም ያለማቋረጥ እንዲያድግ ይታዘዛል። ቡርኪት ሊምፎማ በሚባለው የነጭ የደም ሕዋስ ካንሰርም ሚክ የሚባለው ፕሮቲን በ58ኛው ቦታ ያለውን ትሪዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ብዙ ጊዜ ያጣል፤ እርሱም የዚያ ፕሮቲን የመወገድ ምልክት አካል ነው። ቫይረሱ ማኅተም አስመስሎ ይቀርጻል፤ እዚህ ደግሞ ማኅተሙ ይፋቃል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በዚህኛው ሞቲፉ ሳይነካ አንባቢው ይበዛል። የፒ-53 የፊት ጫፍ ልቅ ክር ነው፤ ኤምዲኤም-2 የሚባለው ፕሮቲን በዚያ ላይ ያሉትን ሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፌኒልአላኒን፣ ትሪፕቶፋንና ሉሲንን፣ በአንድ ጉድጓድ ይቀበላል፤ ክሩም ተጠምዝዞ ይገባል። በጤናማ ሕዋስ ይህ ፒ-53 ያለ ምክንያት እንዳይበዛ ይጠብቃል። በአንዳንድ ካንሰሮች፣ በተለይም በስብ ሕዋስ በሚነሣው ሊፖሳርኮማ፣ የኤምዲኤም-2 ጂን ብዙ ቅጂ ይኖረዋል፤ ፒ-53 ምንም ሳይበላሽ በጠባቂዎቹ ብዛት ይዋጣል። ኤችፒቪ በኢ-6 የሚያደርገውን፣ ሕዋሱ በራሱ ፕሮቲን በራሱ ላይ ያደርገዋል።

መጨበጫውን መዝጋት

ሞቲፍን በመድኃኒት ማገድ ለረጅም ጊዜ እንደማይቻል ይታሰብ ነበር፤ የብዙዎቹ ቦይ ጥልቀት ስለሌለው ትንሽ ሞለኪውል የሚቆናጠጥበት ቦታ አያገኝም። ለውጥ ያመጣው ጥልቅ ጉድጓድ ያላቸውን አስቀድሞ መምረጥ ነው። በ2004 ነትሊን የተባሉ ሞለኪውሎች በኤምዲኤም-2 ጉድጓድ ውስጥ የሦስቱን የፒ-53 አሚኖ አሲዶች ቦታ ተክተው መቀመጥ እንደሚችሉ ታየ። እሾህን በእሾህ እንደሚባለው፣ መድኃኒቱም እንደ ቫይረሱ ሞቲፉን ያስመስላል። ይህ አካሄድ ፍሬ ያፈራው በሌላ ሞቲፍ ላይ ነው። ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝዙ ፕሮቲኖች ቢኤች-3 የሚባል ሞቲፍ አላቸው፤ ቢሲኤል-2 የሚባለው ፕሮቲን ይህን ሞቲፍ ይዞ ትእዛዙን ያፍናል፤ በአንዳንድ የደም ካንሰሮችም ቢሲኤል-2 እጅግ ይበዛል። ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒት የቢኤች-3ን ቦታ ይይዝና የታፈኑትን ይለቃል። በ2016 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቅዶ ዛሬ በሉኪሚያ ሕሙማን ላይ ይሠራበታል።

አዳዲስ ሞቲፎችን የመፈለጉም ሥራ ተፋጥኗል። ከዘዴዎቹ አንዱ ባክቴሪያ የሚያጠቁ ቫይረሶችን ይጠቀማል፤ በእያንዳንዱ ቫይረስ ገጽ ላይ አንድ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ እንዲታይ ይደረግና፣ የሚጠናው የሰው ፕሮቲን የትኛውን እንደያዘ ይታያል። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በ2021 የብዙ ኮሮናቫይረሶችን ልቅ ክፍሎች በዚህ መንገድ ሲመረምር፣ ኮቪድ-19ን ያመጣው ቫይረስ ዘረመሉን የሚጠቀልልበት ፕሮቲን በፊት ጫፉ ባለ ሞቲፍ ጂ-3-ቢፒ የሚባለውን የሰው ፕሮቲን እንደሚይዝ አሳይቷል። ጂ-3-ቢፒ በጭንቀት ጊዜ ሕዋሱ መልእክተኛ አርኤንኤዎችን (የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ የሚያደርሱ የጂን ቅጂዎችን) ሰብስቦ የሚያቆይባቸውን ክምችቶች ይገነባል፤ ቫይረሱ ይህን ግንባታ ያውካል።

ለኢ-7 ግን እስካሁን በሕክምና የተፈቀደ አጋጅ የለም። ችግሩ የቦዩ ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ አርቢ ላይ ያለውን ያንን ቦይ የሕዋሱ የራሱ ፕሮቲኖችም ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ የሚዘጋው ሁሉንም ይዘጋል። እንግዲህ እስካሁን ጠንካራው መከላከያ ሞቲፉ ሳይጻፍ በፊት የሚቀድመው ክትባት ነው። ክትባቱ የሚሠራው ኤል-1 ከሚባለው የቫይረሱ ውጫዊ ቅርፊት ፕሮቲን ነው፤ በውስጡ ዲኤንኤ የለም፣ ኢ-6 ወይም ኢ-7ም የለም፤ ስለዚህ ልክፍትም ካንሰርም ሊያስከትል አይችልም። በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ነው፤ ክትባቱም ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ስለ ክትባቱ ለሚጠራጠሩ እናቶችና አባቶች በውስጡ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ በዚህ ደረጃ ማስረዳት ተገቢ ይመስለኛል፤ ሥጋታቸው ሊናቅ አይገባም፣ መልሱ ግን አለ።

ክትባቱ የሚያነሣሣው መከላከያ ቅርፊቱን ይዞ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ እንዳይገባ ያግዳል። አስቀድሞ በገባው ቫይረስ ላይ ግን አይሠራም፤ ሕዋሱ ውስጥ ኢ-6 እና ኢ-7 እንጂ ቅርፊት የለምና። ስለዚህ ሴቶች ከተከተቡም በኋላ ምርመራው አይቀርም፤ በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የሚሠራበት በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ የተለወጠውን ገጽ ነጥሎ በማሳየት ካንሰር ከመሆኑ በፊት እንዲታከም ያስችላል። ከልክፍት እስከ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ያልፋልና ጊዜው ይበቃል። በሙከራ ላይ ያሉት ሌላ ዓይነት ክትባቶች ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኢ-6 እና ኢ-7 የሚሠሩትን ሕዋሶች ፈልጎ እንዲያጠፋ ያሠለጥናሉ። የሄላ ሕዋሶች እንዳሳዩት፣ ካንሰሩ እነዚህን ሁለት ፕሮቲኖች መሥራት ካቆመ መከፋፈሉን ይተዋል፤ ስለዚህ ከመከላከያው ለመሰወር ብሎ ሊጥላቸው አይችልም።